ኮምፒውተሩ ብቻውን ሥዕል አያንቀሳቅስም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ አኒሜሽን ሲነሣ ሥራው ሁሉ የኮምፒውተሩ እንደሆነ መናገር ስለበዛ፣ ሙያውን ሊማሩ የሚያስቡ ወጣቶች እንዳይሳሳቱ ይህን ልጽፍ ወደድሁ።

አኒሜሽን በጥቂት በጥቂቱ የሚለያዩ ምስሎችን በፍጥነት በማከታተል ዓይን እንቅስቃሴ እንዲያይ ማድረግ ነው። በሲኒማ የተለመደው በሰከንድ 24 ምስል ሲሆን፣ በእጅ የሚሥሉት ባለሙያዎች ግን አንዱን ሥዕል ብዙ ጊዜ ሁለቴ ስለሚያነሡት 12 ሥዕል ይበቃቸዋል። በኮምፒውተር ሲሠራ ባለሙያው የገጸ ባሕርዩን ቅርጽ አበጅቶ፣ እንደ አጥንት የሚያገለግል መዋቅር አስገብቶ፣ ዋና ዋናዎቹን አቋሞች ይወስናል፤ ኮምፒውተሩም በመካከላቸው ያለውን ይሞላል። ይህ አሞላል ሳይታረም ከተተወ ግን እንቅስቃሴው ሕይወት ያጣል፤ የምትነጥር ኳስ ስትወጣ እየዘገየች፣ ስትወርድ እየፈጠነች ካልሄደች ክብደት ያላት አትመስልም። በ1995 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም፣ ቶይ ስቶሪ፣ የወጣው በእርሳስ ሥዕል የሠለጠኑ ሰዎች ጭምር ደክመውበት ነው።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ጭቃ ይመስለኛል። ከልጄ ጋር አንዲት የጭቃ ዶሮ ሠርተን፣ ስልኩን በመጻሕፍት መካከል አደላድለን፣ አንገቷን በጥቂቱ እያጎነበስን 60 ፎቶ አነሣን፤ ሲጫወት 5 ሰከንድ ብቻ ሆነ። ደመና እየመጣና እየሄደ ብርሃኑን ስላርገበገበው በማግስቱ መስኮቱን ጋርደን በአምፖል ደገምነው፤ ያን ጊዜ ዶሮዋ በእርግጥ ጥሬ የምትለቅም መሰለች።

ጋዜጣችሁም ስለ ሙያው ሲጽፍ ከሶፍትዌሮቹ ስም አስቀድሞ ይህን የእጅና የዓይን ሥራ እንዲያሳይ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ