የኮምፒውተር ክበብ፦ «አሁን የት ነን?»

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ የጀመረው በእኔ ጥፋት ነው። ጥቅምት ላይ አሮጌ ፋይል ላጸዳ ብዬ ተርሚናል፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ከፈትኩ። ያለሁት ሌላ ፎልደር ውስጥ መስሎኝ «ሁሉንም አጥፋ» አልኩት። የልጆቹ የአንድ ወር ሥራ ድምጥማጡ ጠፋ። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር ነው፤ በተርሚናሉ የጠፋ ፋይል ግን እንደ ዊንዶውሱ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ፊቴ ሲጠቁር አይተው «አብሽር ቲቸር!» አሉኝ። ወለዬዎች አይደሉ!

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ትምህርታችን ሦስት ፊደል ሆነ፦ ፒ ደብሊው ዲ። ትዕዛዙን ተርሚናሉ ላይ ጽፈው ኢንተር ሲሉት የቆሙበትን ፎልደር ከነሙሉ አድራሻው ይናገራል። ሌላ ሥራ የለውም። አይፈጥርም፣ አያጠፋም።

ስሙ ግን አሳሳተን። ግማሹ ልጅ «ፓስወርድ» መስሎት ስክሪኑን በእጁ ከለለ። ሲተነተን «ፕሪንት ወርኪንግ ዳይሬክተሪ» ነው ስላቸው ደግሞ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ዞር ብላ ፕሪንተሩን አየች። አልሳቅኩባትም። የሊኑክስ ቅድመ አያት የሆነው ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካው ቤል ላብስ ሲጀመር ሰዎቹ የሚሠሩት በቴሌታይፕ ነበር። የኮምፒውተሩ መልስ ወረቀት ላይ እየተተየበ ነበር የሚወጣው። የልጅቷ ጥፋት ሃምሳ ምናምን ዓመት መዘግየቷ ብቻ ነው።

አድራሻውን ማንበብም አስቸግሯቸው ነበር፤ ፎልደሮቹን የሚለያየው ስላሽ የሚባል ያዘመመ ሰረዝ (/) ነው። ሰሌዳው ላይ «ስላሽ ኢትዮጵያ ስላሽ ወሎ ስላሽ ደሴ ስላሽ ሰኞ ገበያ» ብዬ ስጽፍ ገባቸው። የፊተኛዋ ስላሽ ሥሩ ናት፤ ፎልደሩ ሁሉ ከእሷ ይበቅላል።

አንዱ ልጅ ግን አፋጠጠኝ። በሊንክ፣ ማለትም በአቋራጭ፣ ወደ ፎቶ ፎልደር ገብቶ ትዕዛዙን ቢጽፍ የመጣበትን መንገድ እንጂ ፎልደሩ በትክክል ያለበትን አልነገረውም። «ይዋሻል እኮ!» አለ። ከኋላው ሰረዝና ካፒታል ፒ እንዲጨምር ነገርኩት። እውነተኛው አድራሻ ወጣ። እሱም ዝም አለ፤ ብዙ ጊዜ ዝም የሚል ልጅ አይደለም።

ሌላውን ላሳጥረው። ሐሙስ ሐሙስ ተገናኝተናል። መብራት ሲጠፋ የፎልደር ዛፍ በወረቀት ስለናል። ከጎኑ ያለው ልጅ «የት ነህ?» ብሎ ሳይጠይቀው ፋይል የሚያጠፋ የለም፤ እኔንም ይጨምራል።

የመጨረሻው ሐሙስ ጉም የጦሳን ተራራ ውጦ ግቢውን ሞልቶት ነበር። አንድ ልጅ ቀረብን። ጓደኛው በሩ ላይ ቆሞ «ፒ ደብሊው ዲ!» ብሎ ጮኸ።

ከጉሙ ውስጥ መልስ መጣ፦ «ስላሽ ግቢ ስላሽ ላይብረሪ ጀርባ!»