ለመሆኑ ወጡን ማን ይሠራል?

አቡሽዬ፣

የላክልኝን ፕሮግራም ማታ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አነበብኩት። ሠላሳ ልጆች፣ አንድ ሳምንት፣ ተራራ ላይ፣ አዋቂ የማያዝበት ካምፕ። ኮራሁ፣ አልዋሽህም። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ እኛ የሥራ ሰዓት ሳይቀር ልትነጋገሩ ነው። በኔ ጊዜ እንዲህ ያለው ወሬ በሹክሹክታ ነበር።

ከዚያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። «ምሳና እራት፦ እናቶች ይተባበሩናል።»

የትኞቹ እናቶች? ጠይቀኸኛል እንዴ? ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

ትልቋ አክስትህ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘማች ነበረች፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች። ያኔ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ ነው ገጠር የወረደው። ገበሬውን ፊደል ሊያስቆጥሩ፣ የመሬት አዋጁን ሊያስረዱ። እሷ ያለችበት ጣቢያ ቀን ቀን ስለ ሴቶች እኩልነት ስብሰባ ይደረጋል። ሲመሽ ወንዶቹ ክርክራቸውን ይቀጥላሉ፣ ሴቶቹ ጭስ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ቀን እሷና ሁለት ጓደኞቿ ምድጃውን ሳያነዱ መጥተው ስብሰባው ላይ ቁጭ አሉ። ያን ሌሊት ጣቢያው በሙሉ ቆሎ ቆርጥሞ አደረ። እስከ ዛሬ ስለ ዘመቻው ስታወራ ከአዋጁ ይልቅ ይቺን ነው የምታስቀድመው።

እዚህ አሜሪካም ነገሩ ያው ነው። ለጥቁሮች መብት የታገለችው ሮዛ ፓርክስ በ1955 እ.ኤ.አ. ሰመር ላይ ቴነሲ ወዳለው ሃይላንደር ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ሄዳ ነበር። ጥቁርና ነጭ አብሮ የሚማርበት፣ አብሮ የሚበላበት ቦታ ነው። ኋላ ስትጽፍ በጣም ደስ ካሏት ነገሮች አንዱ የጠዋቱ የቡናና የጥብስ ሽታ እንደነበር ታስታውሳለች። የሚያዘጋጁት ነጮቹ ናቸዋ! በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን ሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ላይ ወንበሬን ለነጭ ለቅቄ አልነሳም አለች። በቡናው ምክንያት ነው አልልህም። ግን ሽታውን አልረሳችውም።

ስለዚህ ወጥ ቤቱን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባው። ካምፑ የሚውለው በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ነው፣ ፍልሰታ ገብቷል። የሚጾሙ አሉ። ሐላል ካልሆነ ሥጋ የማይነኩ አሉ። ኦቾሎኒ የማይስማማውም አይጠፋም። ሁሉንም ባንድ ገበታ ማብላት ከፈለግክ መላው ሽሮ ነው። ተራው በዕጣ ይሁን። አንተም ግባበት፣ «አስተባባሪ ነኝ» ብለህ እንዳታመልጥ። ክብ ሠርታችሁ «ስሜትህን አካፍለን» ስትሉት የሚሽኮረመመው ልጅ፣ ድስት ሲፈገፍግ ብቻውን ያወራላችኋል።

ሽሮውን እኔ እሰጣለሁ፣ አምስት ኪሎ። ትልቁ ድስት ከማኅበሩ በኋላ ጎረቤት ጋ ቀርቷል፣ ቅዳሜ መጥተህ ውሰደው። ግን በጠዋት ና፣ ቁሌቱን አሳይሃለሁ። ሽንኩርት ይዘህ ና፣ የምትከትፈው አንተ ነህ።

እናትህ