ባቱ የወይን እርሻም አላት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከሐዋሳ አዲስ አበባ ስንመላለስ ባቱ ላይ ዓሣችንን በልተን እብስ ነው። የወይን እርሻዋን ዞር ብሎ የሚያይ ግን ብዙም የለም። ይህ ከልቤ ይቆጨኛል። የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል እዚያ ሜርሎ፣ ሲራህ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉ የወይን ዝርያዎችን ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ‹ሪፍት ቫሊ› እና ‹አካሺያ› የተባሉ ወይኖችን ለገበያ አቅርቧል። አሸዋማው አፈርና የስምጥ ሸለቆው ፀሐይ ለወይኑ ተስማምተውታል። ደግሞ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣ ጉማሬ እንዳይገባበት እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል! ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የከተማችን አስጎብኚዎች፣ እባካችሁ ባቱን የምሳ ማረፊያ ብቻ አታድርጓት። እናንተ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦችም ወይኑን ስለሚገርዙትና ስለሚለቅሙት ሠራተኞች ሰፋ ያለ ዘገባ ብትሠሩልን ደስ ይለናል።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ