ስፒናሎንጋ ላይ ከሕሙማኑ በፊትም ሰው ነበር

ይድረስ ለግሪክ ባህል ሚኒስቴር፣ አቴንስ

እንደምን ሰነበታችሁ? አቴንስ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። የደብዳቤው ግሪክኛ ለብቻው ይደርሳችኋል፤ አማርኛው ወገኖቼም እንዲያነቡት ነው። ጉዳዬ ስፒናሎንጋ ናት፣ ቀርጤስ ላይ ከፕላካ በጀልባ ትንሽ ሄድ ብሎ ያለችው ደሴት።

ስለ ስፒናሎንጋ ሲወራ የሚሰማው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የቬኒስ ሰዎች በ1579 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መሥራት የጀመሩት ምሽግ ነው። ሌላው ከ1904 እስከ 1957 እዚያ ተገልለው የኖሩት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው። መሃል ያለው ዘመን «ቱርኮች ያዟት፣ ከዚያ ለቀው ሄዱ» ተብሎ ይታለፋል። 190 ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዘመን እኮ ነው!

ኦቶማኖች ምሽጉን በ1715 ከያዙ በኋላ ውስጡ የሙስሊሞች መንደር ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ከ1 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበት ነበር። ዛሬ ጎብኚ ፎቶ የሚነሳበት ዋናው መንገድ የእነሱ ገበያ ነበር። ቤቶቹን ቀረብ ብሎ ላያቸው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ። የመስጊዱም ፍርስራሽ አለ። ሕሙማኑ ሲመጡ የገቡት እነዚሁ ቤቶች ውስጥ ነው። ታዲያ የሕሙማኑን በር እያሳዩ፣ በሩን ያቆመውን ሰው ስም አለማንሳት ምን ይሉታል?

ሰዎቹ የት ገቡ? ቀርጤስ በ1898 የራሷን አስተዳደር ስታገኝ ብዙ ሙስሊሞች ፈርተው ተሰደዱ። ስፒናሎንጋ ላይ የቀሩት ግን ቶሎ አልተነቃነቁም። በ1903 የሕሙማን ማግለያው እዚያ እንዲሆን ተወሰነ። ውሳኔው ለሕክምና ብቻ ነበር የሚል ካለ ይመን። እኔ እንደሚገባኝ፣ የቀሩትን ማስወጫ መላም ነበር። ሠራም።

በቀርጤስ የተረፉት ሙስሊሞች ደግሞ ግሪክና ቱርክ በ1923 በሎዛን በተፈራረሙት የሕዝብ ልውውጥ ወደ ቱርክ ተላኩ። መለያው ሃይማኖት እንጂ ቋንቋ አልነበረም። አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በቀርጤስ ግሪክኛ ነው፤ ብዙዎቹም እስልምናን የተቀበሉ የአገሬው ሰዎች ልጆች ናቸው። ከቀርጤስ የወጡ ሙስሊሞች እስከ ሶርያ ዘልቀዋል፤ አልሐሚዲያ በምትባል መንደር ያ ግሪክኛ እስከ እኛ ዘመን ተነግሯል። እነዚህን ሰዎች «ቱርኮች» ብሎ ፋይሉን መዝጋት ያሳፍራል።

ስፒናሎንጋ ከ2014 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ ዝርዝር ውስጥ ናት። ይሄ ጥሩ ነው። ዋናው ማመልከቻ ሲዘጋጅ ግን የመንደሩ ዘመን እንደ ምሽጉና እንደ ሕሙማኑ እኩል ገጽ ይሰጠው። ሰነድ የለም እንዳይባል፣ በኦቶማን ዘመን የነበረው የካንዲያ (የዛሬዋ ሄራክሊዮን ከተማ) ፍርድ ቤት መዝገቦች እዚያው በቪኬላያ ቤተ መጻሕፍት አሉ። የድሮውን የኦቶማን ጽሕፈት የሚያነብ ባለሙያ ይመደብና ስለ ስፒናሎንጋ የተጻፈውን ያውጣ። ማን ምን ይነግድ ነበር፣ ማን ቤት ሸጠ፣ ማን ከማን ጋር ተካሰሰ። የተገኘው ገበያው መንገድ ላይ፣ ሱቆቹ ደጃፍ ይለጠፍ። በግሪክኛ፣ በእንግሊዝኛና በቱርክኛ ቢሆን ይመረጣል፤ የልጅ ልጆቹ ሊጎበኙ ሲመጡ እንዲያነቡት።

ቱርክ ውስጥ አይቫሊክና ቦድረም አካባቢ ላሉት የቀርጤስ ቤተሰቦችም ጥሪ ይተላለፍ። የአያት ፎቶ፣ የቤት ቁልፍ፣ የሠርግ ዕቃ ያስቀመጠ አይጠፋም። ወጪው ብዙ አይመስለኝም። ሥራው መቼ ሊጀመር እንደሚችል፣ የትኛው ክፍል እንደሚይዘው ብታሳውቁኝ መልሱን ለአንባቢዎቼ አደርሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር