የቅዳሜው ውይይት፦ አማርኛና እኛ

ሰላም የክበባችን አባላት፣
ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ካለው ሣር ላይ እንገናኝ። የምንነጋገረው ከከሚሴ፣ ከአፋርና ከአርጎባ የመጣችሁ ለአማርኛ ስላላችሁ ስሜት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ለቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና ሰጥቶ አማርኛን የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ ያደርጋል። በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ደሴ ለገባ ልጅ ግን ታክሲውም፣ ካፌውም፣ የቡድን ሥራውም አማርኛ ነው። ለሥራ ይጠቅመኛል ብሎ የሚወደው አለ፤ አነጋገሬ ስለሚሳቅበት ክፍል ውስጥ ዝም እላለሁ ያለችኝም አለች። (ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ።) ስለዚህ በአማርኛ አፋችንን የፈታን አብዛኛውን ሰዓት እናዳምጣለን።

በፈለጋችሁት ቋንቋ ተናገሩ። ከአፋርኛና ከአፋን ኦሮሞ የሚያስተረጉሙ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ፤ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። የምትመጡም «አለሁ» በሉ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ያዙ።