የ1993ን ምርጥ ፊልም እየመረጥን ነው፣ ያንተ ድምፅ ቀርቷል

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናቴ ዛሬም ስምህን ታነሳለች። «ያ ልጅ ጠፋ እኮ» ትላለች ቡና በተፈላ ቁጥር። በእርግጥም ተጠፋፍተናል። ማን ቀድሞ መደወል ነበረበት የሚለውን እንተወውና ወደ ወሬው ልግባ። የምነግርህ ብዙ ነገር አለኝ። የምለምንህም አንድ ነገር አለ።

እዚህ ጎንደር ፊልም የምንወድ ሰዎች መሰብሰብ ጀምረናል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አካባቢ አንድ ወዳጃችን ግቢ ነው የምንገናኘው። ፕሮጀክተር ተገኝቷል። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ እንወጥራለን። መብራት ከጠፋ ቡናው ይፈላል፣ ክርክሩ ይቀጥላል። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ነርሲንግ የምትማር ልጅ አለች፣ ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳ አለ፣ ሱቅ ያላቸው ባልና ሚስት አሉ። አንተ ብትኖር ደስ የሚልህ ዓይነት ስብስብ ነው።

ሥራችን ይሄ ነው። አንድ ያለፈ ዓመት እንመርጣለን። የዚያን ዓመት ፊልሞች እናያለን። ከዚያ ድምፅ እንሰጥና ምርጦቹን በደረጃ እናስቀምጣለን። አሁን የያዝነው በፈረንጆች 1993 ነው።

ለምን የድሮ ዓመት ትለኝ ይሆናል። ዓመቱ ሳያልቅ የሚሰጥ ድምፅ ማስታወቂያ ይጫነዋል። ሽልማቱ፣ ወሬው፣ የተዋናዩ ቃለ ምልልስ ሁሉ ጆሮ ይሞላል። ጊዜ ሲያልፍ ያ ሁሉ ይወርድና ፊልሙ ብቻውን ይቀራል። የእንግሊዞቹ ሳይት ኤንድ ሳውንድ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ የዓለም ሃያሲዎችን ድምፅ ይሰበስባል። ሲትዝን ኬን ከ1962 እስከ 2002 አንደኛ ነበር። በ2012 ቨርቲጎ ወሰደበት። በ2022 ደግሞ ሻንታል አከርማን የተባለች ቤልጅየማዊት በ1975 የሠራችው ዣን ዲልማን አንደኛ ወጣ። አንዲት እናት ድንች ስትልጥ፣ ቤት ስታስተካክል፣ ከ3 ሰዓት በላይ የሚያሳይ ፊልም ነው። ፊልሙ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው። እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

መጀመሪያ የተከራከርነው በዘመን አቆጣጠር ነው። ጋሼ «ለምን በራሳችን አቆጣጠር አናደርገውም?» አሉ። ሐሳባቸው ደስ ብሎን ነበር። ግን ስንቆጥረው ዓመቱ ከሁለት ተሰነጠቀ። ስቲቨን ስፒልበርግ በዚያ አንድ ዓመት ሁለት ፊልም ነው ያወጣው። ጁራሲክ ፓርክ የወጣው በሰኔ 1985 ነው። ሺንድለርስ ሊስት ደግሞ በታኅሣሥ 1986። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱ ተለያይተው አይገናኙም። ሰውየው ደግሞ ፖላንድ ውስጥ አንዱን እየቀረጸ ማታ ማታ በሳተላይት የሌላውን ማጠናቀቂያ ሥራ ይከታተል ነበር። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያስቀምጡ ስለ 1993 ማውራት ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ በፈረንጆቹ ተስማማን፣ ፊልሙ መጀመሪያ ለሕዝብ የታየበት ቀን እንዲያዝም ወሰንን።

ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። የኒውዚላንዷ ጄን ካምፒዮን በዘ ፒያኖ የካን ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ወሰደች። ያን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር ናት። በዚያው ቀን ሽልማቱን የተካፈለው የቻይናው ቼን ካይጌ ነው፣ በፌርዌል ማይ ኮንኩባይን። ሳም ኒል ደግሞ በጁራሲክ ፓርክ ከዳይኖሰር ሲያመልጥ፣ በዘ ፒያኖ የሚስቱን ፒያኖ ባሕር ዳር ጥሎ ሲሄድ ታየዋለህ። ነርሷ ይሄን ስታውቅ አላመነችም፣ ሁለቱን ፊልም እንደገና አየች።

የባጃጅ ነጂው አንደኛ ያደረገው ባዚጋርን ነው። ታስታውሰዋለህ አይደል? እኛ ቪዲዮ ቤት ተጨናንቀን ያየነው የሻህ ሩክ ካን ፊልም። ጀግና የምንለው ልጅ ያቺን የምትወደውን ልጅ ከፎቅ ሲገፈትራት ቤቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ ያለው! ልጁ ስለ ምርጫው አንዳች አላፈረም፣ እኔም አክብሬዋለሁ። ጀግናውን ነፍሰ ገዳይ አድርጎ ሕዝብ እንዲያለቅስለት ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም። በእኔ ዝርዝር 8ኛ ነው።

ስለ ፌርዌል ማይ ኮንኩባይን ግን ትንሽ ልቆይ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው የተገረፉ፣ አብረው መድረክ ላይ ያደጉ ሁለት የቤጂንግ ኦፔራ ተጫዋቾች ታሪክ ነው። ከ1920ዎቹ ተነሥቶ እስከ 1977 ይሄዳል። መንግሥት ይለወጣል፣ የጃፓን ጦር ይገባል፣ አብዮት ይመጣል። እነሱ ያንኑ ትያትር ይጫወታሉ። ከዚያ በባህል አብዮቱ ጊዜ ያ ትዕይንት ይመጣል። ፊታቸው ላይ ቀለም እንደተቀባ፣ እሳት እየነደደ፣ ሰው ከቦ እየጮኸ፣ አንዱ ሌላውን እንዲያጋልጥ ይገደዳል። ያጋልጣልም። የሚስጥሩን ሁሉ ያወጣበታል።

ያን ስናይ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። በኋላ «እኛም ቀበሌ ተሰብስበን አይተነዋል» አሉ። ከዚያ በእኛ አቆጣጠር ስለ 1970ው ጎንደር አወሩልን። ስም አልጠሩም። የጓደኛቸውን ፊት ግን ገለጹልን። አንተ አባትህን በዚያ ዘመን ያጣህ ሰው ነህና ብዙ አልጽፍልህም። ቤጂንግ ውስጥ የተሠራ ፊልም የፒያሳን ሰው አፍ ሲያስከፍት በዓይኔ አየሁ። ሁለተኛ ያደረግሁት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ድምፅ አቆጣጠሩ ልምጣ፣ ልቤ ያለው እዚያ ነውና። እያንዳንዳችን 10 ፊልም በደረጃ እንጽፋለን። ለ1ኛው 10 ነጥብ፣ ለ10ኛው 1 ነጥብ። ድምሩ ተሠራ። ማን አንደኛ የወጣ ይመስልሃል? ጁራሲክ ፓርክ። ጥሩ ፊልም ነው፣ ዛሬም ያስደነግጣል። ግን ያሸነፈው ሁላችንም ስላየነው ነው። ከዓለም ገቢ በዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን የሰበረ ፊልም ጎንደርም ደርሷል። የእኔ አንደኛ ከዝርዝሩ ግርጌ ወደቀ። ያላየው ሰው ሁሉ ዜሮ ሰጠው።

እኔ ይሄን አልቀበልም አልኩ። ያላዩት ፊልም መጥፎ ፊልም ማለት አይደለም። ዝም ብሎ ያላዩት ፊልም ነው። ታዲያ ነጥቡን ላዩት ሰዎች ብቻ እናካፍል ተባለ። ሞከርነው። ሁለት ሰው ብቻ ያየው ፊልም ሁሉን በልጦ ተገኘ። ይሄም ፍርድ አይደለም። ነርሷ ጥሩ መላ አመጣች። ሁለት ሁለት ፊልም እያጋጠምን ሁለቱንም ያዩ ሰዎች ብቻ ይፍረዱ አለች። ወረቀት ይፈጃል እንጂ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ደግሞ አንድ ደንብ ጨመርን። ከግማሽ በታች ሰው ያየው ፊልም ከመጨረሻው ቆጠራ በፊት እሑድ ላይ ይታያል። የኦስካር መራጮችም ከ2009 ወዲህ ለምርጥ ፊልም በደረጃ ነው የሚመርጡት፣ ያላዩትን እንዲያዩ የሚያስገድዳቸው ደንብ ግን እስከ 2025 ድረስ እንደኛ አልነበራቸውም።

የእኔ አንደኛ ምን እንደሆነ ገምተሃል። ሳንኮፋ ነው። የኃይሌ ገሪማ።

ታውቃለህ፣ ሰውየው እዚሁ ጎንደር በፈረንጆች 1946 የተወለደ ነው። ነርሷም በዚህ ነው የያዘችኝ። «የአገራችን ልጅ ስለሆነ ነው» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ስለዚህ መልሴን በደንብ አሰብኩበት፣ ላንተም ልጻፍልህ።

ፊልሙ በየካቲት 1993 በርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ከዚያ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ኩባንያ ጠፋ። ስለ ባርነት ነው፣ ያውም በባሪያዎቹ ዓይን። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ተስፋ አልቆረጡም። ራሳቸው አዳራሽ ተከራዩ። ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ጥቁር ሕዝብ በየከተማው ተሰልፎ አየው። በ2021 የአሜሪካዊቷ ዳይሬክተር የኤቫ ዱቨርኔይ ድርጅት አሳድሶት ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ጎንደር ላለነው ደግሞ በፍላሽ ደረሰን። እንግዲህ አስበው። በ1993 አከፋፋዮች «አይታይም» ብለው ፈረዱ። ዛሬ እኛ ያላየ ሰው ዜሮ ይስጠው ካልን የእነሱን ፍርድ እየደገምን ነው። የኃይሌ የትውልድ ከተማ ይሄን ብታደርግ ለኔ ከባድ ነው።

ደንቡ በወጣ ማግስት እሑድ አሳየነው። ሞና የምትባል ሞዴል ጋና ውስጥ በባሪያ ፈንጋዮች ምሽግ ፎቶ ትነሳለች። ከምሽጉ ጓዳ ስትገባ ዘመኑ ይገለበጥና በአንድ እርሻ የቤት ባሪያ ሆና ትገኛለች። በዚያ እርሻ ጆ የሚባል አለ። ከነጭ የተወለደ፣ የቄሱ ታማኝ፣ በማርያም ሥዕል ፊት የሚንበረከክ። አፍሪካዊት እናቱን ኑኑን እንደ አረመኔ እንዲያያት ተምሯል። እስከ መግደልም ይደርሳል። ባለ ሱቋ እናት ተነሥታ ወጣች። እሷ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሳትሳለም የማትውል ሴት ናት። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። «ሥዕሉ ምን አጠፋ? ያስተማረው ሰው ነው እንጂ» አለች። እኔ ስለዚህ ፊልም ከሰማሁት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው የሷ ንግግር ነው።

ለምን ከሺንድለርስ ሊስት አስበለጥኩት? ያም ታላቅ ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ የቀይ ካፖርቷ ልጅ ብቻ ቀለም ኖሯት ስታልፍ አንጀት ይበላል። 7 ኦስካር ይገባዋል። ነገር ግን ታሪኩን የምናየው በአዳኙ በኩል ነው፣ ከ1,100 በላይ ሰዎችን ባተረፈው ነጋዴ በኩል። ሳንኮፋ አዳኝ የለውም። የታሰሩት ራሳቸው ይመክራሉ፣ ራሳቸው ይፈራሉ፣ ራሳቸው ቆንጨራ ያነሳሉ። ድምፁም ሌላ ነው። ከበሮውና ዝማሬው ከመጀመሪያው ደቂቃ ይይዝሃል። ጉድለት አለው፣ አንዳንድ ቦታ ንግግሩ ስብከት ይሆናል። ያም ሆኖ አንደኛ ነው እላለሁ። ዳይሬክተሩ የትም ቢወለድ እንዲሁ እል ነበር።

ከዚያ እሑድ በኋላ ብዙ ሰው ወረቀቱን ቀየረ። ነርሷ አራተኛ አድርጋዋለች፣ አንደኛዋ ዘ ፒያኖ ነው፣ አልተንቀሳቀሰችም። ጥሩ ክርክር ታደርጋለች። ያቺ የማትናገር ሴት በፒያኖዋ ከሁላችንም በላይ ተናገረች ትላለች። አሁን ሳንኮፋና ፌርዌል ማይ ኮንኩባይን እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፣ ከኋላ ደግሞ ዘ ፒያኖ እየደረሰ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ። ያንተን ድምፅ ላክልኝ። 10 ፊልም በደረጃ ጻፍ። ያየሃቸውን በሙሉ ለብቻ ዘርዝር፣ ያለዚያ ማጋጠሙ አይሠራም። እኔን ለማስደሰት ብለህ ሳንኮፋን አንደኛ እንዳታደርግ። ካላየኸው እየው፣ ካየኸው ቆይቶም ከሆነ ድገመው። ልጆችህ አድገዋል፣ ትልቁ ካንተ ጋር ማየት ይችላል። ዋሽንግተን ነህና ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ኃይሌና ባለቤቱ በፊልሙ ስም የከፈቱት መጻሕፍት ቤትና ካፌ አለ። ሃዋርድ ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ ያስተማረበት ቤት ነው። አንድ ቀን ልጁን ይዘህ ግባ። ቡናውን ጠጥታችሁ፣ እዚያ ስላለው ሁሉ ጻፍልኝ። ጋሼ በጣም መስማት ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ የምንይዘው 2008ን ነው። የኃይሌ ሌላው ፊልም ጤዛ አለበት። ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ያገኘበት ዓመት ነው፣ ለእሱም እንድትዘጋጅ ከወዲሁ ነግሬሃለሁ።

ቆጠራው ለቡሄ ነው። ከዚያ በፊት ይድረሰኝ። በቴሌግራም ብትልከውም ይበቃል፣ በድምፅ ብትልከው ደግሞ እናቴም ድምፅህን ትሰማለች። ልጆቹን ሳምልኝ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብ።

ወንድምህ
ከጎንደር