ለአውሮራ፣ ኮሎራዶ አባሎቻችን፦ ስለ ሒሳቡና ስለ ቀጣዩ ሥራ

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት ተነስተው «ልጆቼ፣ ያዋጣነው ገንዘብ የት ደረሰ?» ብለው ጠየቁ። ከኮሚቴው በቂ መልስ የሰጠ አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ። አፈርኩ።

ሁላችንም የምንሠራው በነጻ ነው፤ ከሥራ መልስ፣ ከልጆቻችን ጊዜ ቀንሰን። ግን ያ ከተጠያቂነት አያድነንም። ከዚህ ወር ጀምሮ የገቢና ወጪው ዝርዝር ከነደረሰኙ ለሁሉም አባል ይላካል። ሒሳቡን የሚመረምሩ ሦስት ሰዎች ከኮሚቴው ውጭ ትመርጣላችሁ። ጊዜያችን ሲያልቅም ወንበሩን እንለቃለን። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተቃዋሚው ቅንጅት ፓርቲ ደጋፊዎች በሰሜን አሜሪካ በአመራር ጉዳይ ሲከፋፈሉ በዓይናችን ያየን እዚህ አለን። ስንት ጥሩ ሰው ያኔ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ቀረ!

ሌላው ሰው የማፍራት ሥራ ነው። በሚያዝያ 2010 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀውን ኤች አር 128 የተባለ የውሳኔ ሐሳብ ሲያጸድቅ፣ የኛ ከተማ ሰዎች የያኔውን ተወካያችንን የኮንግረስማን ማይክ ኮፍማንን ቢሮ ደጋግመው አንኳኩተው ነበር። ብዙዎቹ የፓርቲ አባል አልነበሩም። ስልክ ደወሉ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ ጎረቤት ቀሰቀሱ። ዛሬ ግን የምንጠራው የምናውቀውን ሰው ብቻ ነው። ኤርፖርት በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩት፣ ኡበር የሚነዱት፣ እዚህ የተወለዱት ልጆች ስብሰባችን መኖሩን እንኳ አያውቁም። እሁድ ጠዋት ብቻ መሰብሰባችንም ሙስሊም ወንድሞቻችንንና ቤተክርስቲያን የሚውሉትን እንዴት እንደሚያገናኝ አስበንበት አናውቅም።

እስከ ሐሙስ የሚመቻችሁን ቀንና ሰዓት ላኩልን። እያንዳንዳችሁ ከዚህ በፊት ያልመጣ አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ። ጥያቄ ያለው ደግሞ ሳይፈራ ይጠይቅ።